ሰው ከሸመገለ በኋላ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«የ49 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም የምኖረውም ጅማ ነው። አራት ዓመት ያስታመምኳት እናቴ ባለፈው ግንቦት ዐረፈች። የመጨረሻው ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወደ ሐዋሳ ሄደ። የወር አበባዬ ከተዛባ ዓመት አልፎታል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ እንቅልፍም የለኝም። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን ብዙ አይናገርም፣ ቀኑንም የሚያሳልፈው ማና ባለው ቡናው ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ። ኋላ ሥራው፣ ልጁ፣ ኑሮው ሲደራረብ፣ ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን የማየው ለጥምቀት፣ ለክርስትናና ለቀብር ብቻ ሆነ። ከእናቴ ሞት ወዲህ መሄድ ጀምሬአለሁ፤ አስቀድሳለሁ፣ ግን ምንም አይሰማኝም። ሁሉም ጥሎኝ ሲሄድ ወደ እግዚአብሔር መሮጤ ግብዝነት ይመስለኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አልቅሳ ወደተጽናናችበት የጸሎት ቤት ልትወስደኝ ትፈልጋለች። እኅቴ ደግሞ ሕመምሽ የመንፈስ ነው፣ ሐኪም ቤት መመላለሱን ተይና ጸበል ግቢ ትለኛለች። የሚያሳፍረኝ ግን እስካሁን ከማንም በላይ ያጽናናችኝ በየቀኑ ቡና ይዛ የምትመጣው ሙስሊም ጎረቤቴ መሆኗ ነው። ባለፈው የካቲት፣ እናቴ አልጋ ላይ ሳለች፣ ባለቤቴ ያረጀውን ቡና ሲጎነድል ጉቶውን አይቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ለእርሱም ልነግረው አልቻልኩም። የእናቴን ዳዊት ለቤተ ክርስቲያን ልስጠው ወይስ ላስቀምጠው? በእኔ ዕድሜስ እምነት እንደ አዲስ ይጀመራልን? ከአዌቱ ማዶ።»

የተከበሩ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአንድ ዓመት ውስጥ እናት ቀብረዋል፣ ልጅ ሸኝተዋል፣ ከገዛ ሰውነትዎም ጋር ተጣልተዋል፤ ይህ ሁሉ የወረደበት ሰው «ምንም አይሰማኝም» ቢል አያስደንቀኝም። ብዙ ነገር ጠይቀውኛል፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ያስቀመጡት ጥያቄ ግን የሌሎቹ ሁሉ እናት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

በእርስዎ ዕድሜ እምነት እንደ አዲስ ይጀመር እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህንኑ ጥያቄ ከእርስዎ በፊት አንድ የተማረና የተከበረ ሰው፣ የአይሁድ አለቃ የነበረው ኒቆዲሞስ፣ በሌሊት መጥቶ ጠይቆታል፤ «ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል?» ብሎ። በሰንበት ትምህርት ቤት ስላደጉ የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በስሙ እንደሚጠራ አይዘነጉትም፤ ሆሣዕና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጿሚው ሁሉ ጉልበቱ በደከመበት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያን የዚህን ሰው ጥያቄ አውጥታ በመቅደስ ታስነብባለች። በልጅነታችን ያንን ወንጌል ስንሰማ ጆሯችን የሚይዘው «ከውኃና ከመንፈስ» የሚለውን ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሲጠጋን ግን ልባችንን የሚነካው «ከሸመገለ በኋላ» የሚለው ቃል ይሆናል።

ኒቆዲሞስ በዮሐንስ ወንጌል ውስጥ የሚገኘው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱን ቦታዎች አያይዘው እንዲያነቧቸው እለምንዎታለሁ። በምዕራፍ 3 በጨለማ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ የተመለሰለትም አይገባውም፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ በርቶለት ይሁን እንደ ጨለመበት ወንጌላዊው አንዲት ቃል አልጻፈልንም። በምዕራፍ 7 በሹማምንቱ መካከል ተቀምጦ፣ ሕጋችን ሰውን አስቀድሞ ሳይሰማ ይፈርድበታልን የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጥላል፤ አንተም ከገሊላ ነህን ብለው ሲዘብቱበት ከዚያ በላይ የተናገረው ነገር አልተመዘገበም። በምዕራፍ 19 ግን፣ ከደቀ መዛሙርቱ አብዛኞቹ በተበተኑበት ዕለት፣ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ የጌታን ሥጋ ሊገንዝ ይመጣል። መቶ ንጥር በዛሬው ሚዛን ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም ነው። ወንጌላዊው በዚህ ቦታ እንኳ «ቀድሞ በሌሊት የመጣው» ብሎ ያስታውሰዋል እንጂ አለቀሰ፣ ተጽናና፣ ልቡ ተቃጠለ አይለንም። የምናየው እግሩንና ትከሻውን ነው። በዕድሜ አጋማሽ የሚመጣ እምነት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ በጨለማ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ዓይን አፋር ነው፣ ስሜቱም ቢመጣ የሚመጣው ከሸክሙ በኋላ ነው። እርስዎ ከሦስቱ ምዕራፎች በመጀመሪያው ላይ ቆመው ራስዎን በመጨረሻው እየለኩ ነው።

ግብዝነት ስላሉት ነገር ረጅም መልስ አያስፈልግም። ግብዝ ያልሆነውን ሆኖ ለሰው የሚታይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ምንም እንደማይሰማዎት ለማያውቁት ሰው ሳይቀር ጽፈው የሚናዘዙ ነዎት። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት ያቀናው ረሃብ አስገድዶት እንጂ ናፍቆት ስቦት እንደ ነበር አልተጻፈም፤ በሉቃስ 15 በልቡ ያሰበው የአባቱ ሠራተኞች የሚጠግቡትን እንጀራ ነው። አባቱም በምን ምክንያት መጣህ ብሎ አልመረመረውም። የወይኑ ቦታ ባለቤት ደግሞ ሠራተኛ ፍለጋ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ወጥቷል። ሌላው ዓለም ይህን ሰዓት ለመረዳት ማስላት ያስፈልገዋል፤ እኛ ግን ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር 11 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ፣ ጥላው ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ከብቱ ወደ ቤት እንደሚያቀና ሳይነገረን እናውቀዋለን። በእኔ ስሌት እርስዎ ገና 8 ሰዓት ላይ ነዎት።

ደግሞስ ሃያ ዓመት ሙሉ ርቄ ነበር ያሉት እውነት ነውን? አራቱን ዓመት ከሒሳቡ አውጡልኝ። እናትዎን ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡ፣ ገላዋ እንዳይቆስል ሌሊት እየተነሡ ጎኗን ሲያስቀይሩ ያደሩበትን ዘመን ከቤተ ክርስቲያን የራቁበት ጊዜ አድርገው ቆጥረውታል፤ በማቴዎስ 25 «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የተባለላቸው ሰዎች ግን እነርሱም እንደ እርስዎ መቼ እንዳደረጉት አያውቁም ነበር። ያን ጊዜ በጸሎት ላይ እንደነበሩ አለማወቅዎ ጸሎቱን አያስቀረውም።

አሁን ደንዝዞ ያለው ልብዎ ክፉ ልብ አይደለም፤ የደከመ ልብ ነው። አራት ዓመት የበሽተኛ ትንፋሽ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ዝምታ ሲሆን ወዲያው አያርፍም። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ለኀዘን ቀጠሮ አበጁለት፤ 40ው፣ 80ው፣ መንፈቁ፣ ዓመቱ እየተባለ የሚቆጠረው ለሟቹ ነፍስ ብቻ አይመስለኝም፤ ለሐዘንተኛውም «ገና ነህ፣ አትቸኩል» የሚል ደግነት አለበት። የእናትዎ መንፈቅ የሚደርሰው በመጪው ኅዳር ነው። ገና በመንገዱ እኩሌታ ላይ ነዎትና ከልብዎ የዓመት ፍሬ አይጠይቁት። እኔ ራሴ እናቴን በቀበርኩ ጊዜ 51 ዓመቴ ነበር፤ የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም ሙሉውን ጾሜ ትንሣኤ ሲደርስ «ክርስቶስ ተንሥአ» ሲባል ከአፌ የወጣው ቃል ለጆሮዬ እንኳ አልደረሰም። ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልገሠጹኝም፤ «መጥተህ ቆመሃል አይደል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልሱ አንሶብኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ የተሻለ የማውቀው መልስ የለኝም።

አሁን ወደሚያሳፍርዎት ነገር ልምጣ። መጽሐፈ ሩትን እንደገና ያንብቡ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ አንድ ምሽት ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የሩት መጽሐፍ እንደሆነ ይታሰባል እንጂ የኑኃሚንም ነው። ባሏን ቀብራ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ቀብራ፣ ከሞዓብ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ የሀገሯ ሴቶች «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ሲሉ፣ ኑኃሚን አትበሉኝ፣ ማራ በሉኝ አለቻቸው፤ መራራ ሆኛለሁና ማለቷ ነው። በሙላት ወጥቼ እግዚአብሔር ባዶዬን መለሰኝ እያለች በአደባባይ አማረረች። መጽሐፉ ስለዚህ ቃሏ አንድም ቦታ አይወቅሳትም። እርስዎም በጸሎት ጊዜ የሚሰማዎት ምሬት ብቻ ከሆነ ምሬቱን ይጸልዩት፤ የሌለዎትን ምስጋና ከአፍዎ አያውጡ። ደግሞ ያስተውሉ፤ ኑኃሚን ባዶዬን ተመለስኩ ስትል ሩት አጠገቧ ቆማ ነበር። ሐዘንተኛ አጠገቡ የቆመውን አያይም። ያቺ አጠገቧ የቆመችው ደግሞ ሞዓባዊት፣ ከሌላ ሕዝብ የመጣች ሴት ናት። በመጨረሻው ምዕራፍ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ለሕፃኑ ስም ሲያወጡ፣ ለኑኃሚን ከሰባት ልጆች የምትሻልሽ ብለው የመሰከሩላት ለዚህችው ለባዕዷ ነው።

ስለዚህ ጎረቤትዎ ጀበናውን ይዛ ስትመጣ ኀፍረት አይሰማዎት። ጅማ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሂርማታ ገበያ የሁለቱን ሃይማኖት ነጋዴ ሲያገናኝ ኖሯል፣ ዛሬም በሠርጉም በልቅሶውም አብረን ተቀምጠን የምንለያየው ሥጋው ሲቀርብ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ወደ እርስዎ ቤት ማንን እንደሚልክ እርስዎን ማስፈቀድ የለበትም። እርሷን ከእምነቷ ለማምጣት ወይም የእርስዎን ለመተው ምክንያት አያድርጉት፤ ሲኒውን ተቀብለው ስለ እናትዎ ያውሯት። እናትዎንም ታውቃት ነበርና።

የሥራ ባልደረባዎ ግብዣ ከደግነት የመነጨ ነው፤ እርሷ ተጽናናሁ ካለች ተጽናንታለች፣ እኔ ልጠራጠራት አልነሣም። እኔ ኦርቶዶክሳዊ እንደሆንኩ አልሸሽግዎትም፤ ምክሬን በዚያ መዝነው ይቀበሉት። በኀዘን ዓመት ቤቱን የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይጸጸታል፤ የሃይማኖት ነገር ደግሞ ከቤት አያንስም። ከእርሷ ጋር መዝሙረ ዳዊትን ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ስለ ልጆቻችሁ አብሮ መጸለይ የሚከለክልዎ የለም። ነገር ግን አንድን ጉባኤ በዚያ ማልቀስ በመቻልዎ፣ ሌላውን ባለማልቀስዎ አይመዝኑ። ዕንባ ከድካምም ይመጣል፣ ከዜማ ኃይልም ይመጣል፤ ደረቅ ዓይንም የራቀ ልብ ምልክት አይደለም። የእናትዎ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህ ጥያቄ እንደገና ቢነሣብዎ ያኔ በተረጋጋ አእምሮ ይመርምሩት።

የእኅትዎን ምክር ግን በከፊል አልቀበለውም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ ቃል ልጠቀም አልችልም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። መልአኩ መጥቶ እምነትህ የት ሄደ አላለውም፤ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ መገበው። በኮሬብ የተሰማው ያ ቀጭን ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሰውነት ሳይጠገን ነቢይ እንኳ መስማት አልቻለም።

የእርስዎ ሰውነት ያለበት ሁኔታ ስም አለው። የወር አበባ መዛባት፣ የሌሊት ላብ፣ ድንገት ፊት ላይ የሚወጣ ሙቀት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መከፋት በማረጫ ዕድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ፣ የሚታዩ ናቸው። መንፈስ ያመጣቸው አይደሉም፤ ማኅፀንም እንደ እርሻ የዕረፍት ዘመን አለው። ሐኪም ቤት መመላለሱን አይተዉ። ድካምና መከፋት በደም ማነስም በእንቅርት ዕጢ መታወክም ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱንም እንዲመረምሩልዎ ይጠይቁ፤ ላቡና ሙቀቱ ኑሮዎን ካወከው ሕክምና ስላለው ዝም ብለው አይቻሉት። የወር አበባዎ ለ12 ወር ሙሉ ከቆመ በኋላ ደም ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ካስጠላዎት፣ ቀድሞ የሚወዱት ነገር ሁሉ ከረከሰብዎት፣ ወይም አንድ ቀን እንኳ መሞት ካሰኝዎት ደግሞ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እዚያ መታየት ከማንም ፊት የሚያሳፍር አይደለም። ጸበሉን አልከለክልዎትም፤ ጠዋት በባዶ ሆድ መጠጣቱም መጠመቁም የእኛ ነው። የምከለክለው አንዱን ለሌላው መተውን ነው። እኅትዎ መጽሐፍ ካልጠቀስክ አልሰማም ካለች፣ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ያንብቡላት፤ ሐኪሙን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው እርሱ እንደሆነ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ተጽፎላታል።

ስለ ቡናው። ለምን እንዳለቀሱ ለባለቤትዎ ልነግረው አልቻልኩም ብለዋል፤ ለእኔ ደብዳቤው ነግሮኛል። ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ተትቶ፣ ውኃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይጎነደላል። ያን ቀን ማሳው የተጨፈጨፈ ይመስላል፤ ዕድሜ ልክ ያፈራ ግንድ ቁርጥ ብሎ ሲወድቅ በቤትዎ ውስጥ ደግሞ አንዲት አሮጊት አልጋ ላይ ነበሩ። ክረምቱ አልፏልና አሁን ያ ጉቶ ብዙ ቡቃያ አውጥቶ ይሆናል። ከዚህ ላይ ስብከት ልሠራ ይቃጣኝ ነበር፤ ተውኩት። ቡና ቡና ነው፣ እናት ግን አታቆጠቁጥም። ከገበሬው የምዋሰው አንዲት ብልሃት ብቻ ነው፤ ቡቃያውን ሁሉ አያሳድገውም፣ ሁለት ወይም ሦስቱን መርጦ የቀረውን ይነቅላል፣ ፍሬውንም ለማየት ሁለትና ሦስት ዓመት ይጠብቃል።

እርስዎም ቅዳሴው፣ ሰባቱ አጽዋማት፣ ስግደቱ፣ ማኅበሩ፣ ጉባኤው ሁሉ በአንድ ወር ይሁንልኝ ካሉ እስከ ገና አይዘልቁም። ሦስት ነገር ይበቃዎታል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባትዎን ይፈልጉ፤ የቀድሞው በሕይወት ከሌሉ በአጥቢያዎ ያሉትን አንድ ካህን ይጠይቁ። የሃያ ዓመት ዝርዝር ይዘው መሄድ የለብዎትም፤ ለእኔ የጻፉልኝን ደብዳቤ ቢያነቡላቸው እንኳ ጅማሬ ነው። ስለ ሥጋ ወደሙ አልጠየቁኝም፤ እርሱንም በዚያው ያንሡባቸው። እኛ ዘንድ ሕፃናትና አረጋውያን ሲቆርቡ በመካከል ያለው ጎልማሳ ዳር ቆሞ የሚያይበት ልማድ ሥር ሰዷል፤ ልማድ ነው እንጂ ዕድሜ የሚወስን ሥርዓት አይደለም።

ሁለተኛው፣ እንቅልፍ የሚነሣዎትን ሰዓት ይመለከታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆዎት ሲነቁ ጣሪያ እያዩ የልጅዎን ስልክ ከመጠባበቅ፣ ተነሥተው ልብስዎን ይለውጡና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይድገሙ፤ በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ በአንድ ሌሊት የሚደርስብዎት ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት በየአጥቢያው ሰዓታት የሚቆሙ ካህናት አሉ፤ አሁን ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌ ወቅት ስለሆነ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። ከቤትዎ ድምፁ የሚሰማ ከሆነ መስኮቱን ይክፈቱት። እመቤታችን ሕፃኗን ይዛ በማታውቀው ሀገር የተንከራተተችበትን ስደት የሚያስብ ዜማ ነውና፣ ልጁ ሐዋሳ ላለ እናት ባዕድ አይሆንባትም።

ሦስተኛውን ከሁሉ አስበልጬ እመክርዎታለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን እኛም በመከራ ያሉትን ማጽናናት እንድንችል ነው ይላል፤ መጽናናት በእጅ የሚተላለፍ ነገር መሆኑ ነው። እርስዎ ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ያውቃሉ፤ አልጋ የያዘን ሰው ሳያሳምሙ ማገላበጥ፣ አልዋጥ ያለውን ምግብ ማዋጥ፣ አንሶላ ሰውየው እንደተኛ መለወጥ። በእድርዎ ወይም በሰንበቴው ውስጥ ብቻዋን የምታስታምም አንዲት ሴት አትጠፋም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሄደው ያሳርፏት፤ ትተኛ፣ ገበያ ትውጣ፣ ፀጉሯን ትታጠብ። ስለ እምነት አንዲት ቃል አይናገሯት። መጀመሪያው ቀን እናትዎን አስታውሰው ይታወካሉ፤ ለሁለተኛው ሳምንት ግን ይመለሱ።

ባለቤትዎን ቤተ ክርስቲያን ካልሄድክ ብለው አይጎትቱት፤ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የማይሰማው አይደለም። ያን ቡና የጎነደለው ምናልባት ራሱ የተከለው፣ ካልሆነም ከአባቱ የተረከበው ይሆናል፤ መጋዙን ሲይዝ እርሱስ ምን እንደተሰማው ጠይቀውት ያውቃሉ? አንድ ቅዳሜ አብረውት ማና ይሂዱና ቡቃያውን ሲመርጥ አጠገቡ ይቁሙ። የካቲት ላይ ያለቀሱበትን ምክንያት እዚያው ይንገሩት፤ ሁለት ቃል ቢመልስልዎ በቂ ነው፤ ባይመልስም ሰምቷል።

በመጨረሻ ስለ እናትዎ ዳዊት። ለማንም አይስጡት፤ ቢያንስ እስከ ዓመቷ ድረስ። ግዕዙ አይነበብልኝም እንዳይሉኝ፣ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከጎኑ ዘርግተው ማስተያየት ይችላሉ፤ ቁጥሩ በአብዛኛው በአንድ ስለሚለያይ ግን አይደናገሩ፤ በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ የሚለው መዝሙር በእናትዎ ዳዊት 70ኛው ሲሆን በብዙዎቹ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች 71ኛው ነው። የትኛውን ላንብብ ብለው ግን እኔን አይጠይቁኝ። መጽሐፉን ወደ ብርሃን ያቅርቡና የቅጠሎቹን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ጣቷ አዘውትሮ የገለጠው ቦታ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ፣ የጧፍ ጠብታም ነክቶት ይሆናል። ከዚያ ገጽ ይጀምሩ።